የቤዝ ጊታር ክር ዝቅ ይበል ወይስ ከፍ? (ሙግት)

የቤዝ ጊታር የክር ከፍታ የሚባለው ክሩ ሳይጫን በታችኛው ጠርዙና በፍሬቱ አናት መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚለካው በ12ኛው ወይም በ17ኛው ፍሬት ላይ ነው። ፌንደር ለብዙዎቹ ቤዞቹ የሚሰጠው መነሻ ልክ በ17ኛው ፍሬት ላይ በወፍራሙ ክር በኩል 2.4፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊሜትር ነው። ፋብሪካው መነሻ ብሎ እንጂ ሕግ ብሎ አላወጣውም፤ ተጫዋቾች የሚከራከሩትም ከዚህ ልክ ወደ ታች ይወረድ ወይስ ወደ ላይ ይወጣ በሚለው ነው።

በሥራው ቅደም ተከተል ላይ ግን ክርክር የለም። ክሩ አስቀድሞ ይቃኛል፤ ያልተቃኘ ክር አንገቱን በሙሉ ኃይሉ ስለማይስብ ልኬቱን ያሳስታል። ቀጥሎ አንገቱ ይታያል። ወፍራሙ ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ እኩል ሲጫን ራሱ ማስመሪያ ይሆናል፤ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ፍሬት ላይ ከሥሩ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት መታየት አለበት። መለኪያ የሌለው ሰው ሦስት ተራ የቢሮ ወረቀት ደርቦ ቢያሾልክበት ይበቃዋል፤ አንዱ ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነውና። ክፍተቱ የሚስተካከለው በአንገቱ ውስጥ በተቀበረው ብረት፣ በትረስ ሮዱ፣ ነው። ብሪጁ ላይ ክሩን የተሸከሙት ትንንሽ ሳድሎች ከፍ ዝቅ የሚደረጉት ከዚህ በኋላ ነው። በመጨረሻ ሳድሎቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተገፉ በ12ኛው ፍሬት ላይ ያለው ድምፅ ከባዶው ክር ጋር እንዲስማማ ይደረጋል። ሙግቱ ሳድሉ የት ላይ ይቁም የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ጸሐፊ፦ ዝቅ ይበል

ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ካወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ ወዲህ የተለመደው የቤዝ ክር ርዝመት 864 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ ቆይቷል። አራቱ ክሮች አንድ ላይ አንገቱን የሚስቡትም 80 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ነው። እንዲህ በተወጠረ ክር ላይ ግማሽ ሚሊሜትር መጨመር አንድ ድምፅ ሲመታ አይታወቅም። በሰርግ ምሽት ችክችካው ለሰዓታት ሲጋልብ፣ ቤዙም ያንኑ ዙር እየደጋገመ ሲከተል ግን ጣትና አንጓ ይዝላሉ። የዛለ እጅ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚስተው ምቱን ነው። ከበሮውን ወደ ኋላ የሚጎትት ቤዝ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር ለጭፈራ አይሆንም።

ቅኝትም አለ። ክር ወደ ፍሬት ሲጫን ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ድምፁ ይቀጥናል። ከፍ ያለ ክር ይበልጥ ስለሚለጠጥ ከቅኝቱ ይበልጥ ይወጣል። ሳድሉን ወደ ኋላ በመግፋት ብዙውን ማካካስ ይቻላል። በመቃኛዎቹ በኩል ክሩ የሚያርፍበት ነት ከፍ ካለ ግን በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ የሚፈጠረውን ስሕተት ሳድል አያርመውም። ጣቱ ደካማ የመሰለው ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሰነፍ አይደለም፤ የነቱ ጎድጎድ በበቂ ሁኔታ አልተሞረደም።

የከፍታ ደጋፊዎች ዋና ፍርሃት ክሩ ፍሬት እየነካ የሚያሰማው ዝዝታ ነው። በገና እየሰማ ላደገ ሰው ግን ዝዝታ ነውር ነው ብሎ ማስረዳት ያስቸግራል። በገና ያን የሚነዝር ግርማውን የሚያገኘው በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከሚገቡት እንዚራ ከሚባሉ የቆዳ ቁራጮች ነው። እንዚራው ከወጣ የሚቀረው ድምፅ በገና አይመስልም።

የቤዝ ታሪክም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። ጃኮ ፓስቶሪየስ ፍሬት በሌለው የ1962 ጃዝ ቤዙ ላይ ክሮቹን ወደ እንጨቱ አቅርቦ ያወጣው የሚያንጎራጉር ድምፅ፣ በ1976 በስሙ የተሰየመው አልበሙ ከወጣ በኋላ የብዙ ተጫዋቾች ምኞት ሆኗል። ላሪ ግራሃም ክሩን በአውራ ጣት መምታት የጀመረው ከእናቱ ጋር ያለ ከበሮ መቺ ሲጫወት የከበሮውን ቦታ ለመሙላት ነበር፤ የዚያ ስልት ስለታም ድምፅ የሚወጣው ክሩ ፍሬቱን ሲገጭ ነው። ክሩ ከፍሬቱ በራቀ ቁጥር ያ ድምፅ በጉልበት ካልሆነ አይገኝም።

የቀድሞ ኮንትራባስ ተጫዋቾች ክራቸውን ከፍ አድርገው ይሠሩ የነበረው አዳራሹን ያለ ኤሌክትሪክ መሙላት ስለነበረባቸው ነው። አምፕሊፋየር ያለው ሰው ያን ሸክም የሚሸከምበት ምክንያት የለም። ብቻን ሆኖ ያለ አምፕሊፋየር ሲለማመዱ የሚሰማው ዝዝታም አብዛኛው በስፒከር አይወጣም። ስለዚህ በ17ኛው ፍሬት ላይ በወፍራሙ ክር 2፣ በቀጭኑ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ለአብዛኛው እጅ ይመቻል።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ ከፍ ይበል

የተመታ ክር ቦታ ይፈልጋል። ኢ የሚባለው ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ሲርገበገብም በአንድ መስመር ሳይሆን ሞላላ እየሠራ ነው። አመታቱ ሲበረታ ሞላላው ይሰፋል። በዚያ ስፋት ውስጥ ፍሬት ከተደነቀረበት ክሩ በየዙሩ እየገጨ ጉልበቱን ያባክናል፤ ድምፁም ሳይዘልቅ ይሞታል። አምፕሊፋየር ያለውን ያጎላል እንጂ የሞተውን አያስነሣም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዝቅ ያለ ክር ጣሪያ ያለው መሆኑ ነው፤ ከአንድ ልክ በላይ ጠንክሮ ቢመታ የሚጨምረው ኳኳታው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቤዝ ሹክሹክታና ጨዋታ ይችላል፤ ጩኸት አይችልም።

ማስረጃው ጄምስ ጀመርሰን ነው። በ1960ዎቹ በዲትሮይት የሞታውን ስቱዲዮ ከተቀረጹት ዘፈኖች በእጅጉ ብዙዎቹ ላይ ቤዝ የተጫወተው እሱ ነው። አነሣሡ ከኮንትራባስ ሲሆን የተጫወተበት የ1962 ፕሪሲዥን ቤዝም ክሩ ከፍ ያለ፣ በወፍራምና ልሙጥ የላ ቤላ ክር የተወጠረ ነበር። ክሩንም ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር። ያ ሁሉ መስመር የወጣው ደግሞ “መንጠቆው” በተባለው አንድ አመልካች ጣቱ ነው። ከፍታ ፍጥነትን ይገድላል የሚለው ክስ እዚህ ላይ ይሰናከላል።

የበገናው ምሳሌ ያማረ ነው፤ ሆኖም የሚመሰክረው ለሌላው ወገን ነው። በገና ደርዳሪ እንዚራውን አውታር በአውታር እያንቀሳቀሰ የሚፈልገውን ዝዝታ ያበጃል። ዝዝታው የሚነሣው በርኩማው ላይ፣ ከአውታሩ ጫፍ ስለሆነ አውታሩ በተነካ ቁጥር ያው ነው። በቤዝ ላይ ግን ዝዝታው ያልተጋበዘ እንግዳ ነው፤ 5ኛው ፍሬት ሲያበላ 6ኛው ይጾማል። የቱ ድምፅ እንደሚያዝዝ የሚወስነው የፍሬቶቹ አረጃጀት ነው እንጂ ተጫዋቹ አይደለም። የጃኮ ፓስቶሪየስ ድምፅ ያን ያህል የተስተካከለውም ቤዙ ላይ ፍሬት ስላልነበረ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ጣጣ የጥገና ነው። ዝቅ ያለ ክር የሚሠራው ፍሬቶቹ በሙሉ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ያን ማስተካከል ደግሞ የሠለጠነ እጅና ልዩ ሞረድ ይጠይቃል። በሁለተኛ እጅ የተገዛ፣ ፍሬቱ የተበላ ቤዝ የያዘ ሰው ሁለቱንም በቅርቡ ላያገኝ ይችላል። እንጨት ደግሞ አየሩን ይከተላል። በክረምት እርጥበት ያበጠ አንገት በበጋ ሲደርቅ ቀጥ ሊል፣ ክሩም አብሮ ሊወርድ ይችላል። ነሐሴ ላይ በጠርዝ የተስተካከለ ቤዝ ጥር ላይ፣ ልክ በሰርጉ ወራት፣ ቢያዝዝ አይገርምም። ትርፍ ግማሽ ሚሊሜትር ለዚህ የተቀመጠ ስንቅ ነው።

የግራ እጅ ድካምም ቢሆን ሁሉም ከከፍታ አይመጣም። ጣት ከፍሬቱ ርቆ ሲያርፍ እጥፍ መጫን ይጠይቃል፤ ወደ ፍሬቱ ተጠግቶ ሲያርፍ ግን ጥቂት ይበቃል። ይህን ልማድ ያላረመ ሰው ክሩን የቱንም ያህል ቢያወርደው ይዝላል። ተገቢው ልክ በወፍራሙ በኩል 2.8፣ በቀጭኑ 2.4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከ3 ሚሊሜትር በላይ መውጣት ግን ጀመርሰንን ሳይሆኑ ጀመርሰንን መምሰል ነው።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ሙግቱን ግማሽ አድርጎ ሰጥቷል። ጀመርሰን ከፍ ያለ ክር የተጫወተው እጁ በኮንትራባስ ላይ ስለተገራ ነው፤ ያ እጅ የሌለው ሰው ከፍታውን ብቻ ቢወስድ የሚያተርፈው ድካሙን ነው። የተበላ ፍሬት ደግሞ የሚጠገን ጉዳት ነው፤ ለእሱ ብሎ ክር ማንሣት የሚያፈስ ጣሪያ ሳይደፍኑ ከሥሩ ባልዲ እንደማኖር ነው። ለበጋውም ቢሆን ሳድሉን ሩብ ዙር ማንሣት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ትክክለኛው መንገድ ክሩን በስፒከሩ በኩል ዝዝታው እስኪሰማ ድረስ ማውረድ፣ ከዚያም በጠንካራ ምት ላይ እስኪጠፋ በጥቂቱ ማንሣት ነው።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

በዚህ ፈተና ስምምነት አለ፤ የሚጎድለው ቦታው ነው። ቤት ውስጥ ተቀምጦ “ጠንካራ” የተባለው ምት መድረክ ላይ፣ ከከበሮ አጠገብ፣ ቆመው ሲጫወቱ ለስላሳ ሆኖ ይገኛል። ጆሮ ያልሰማውን እጅ በጉልበት ይፈልገዋልና። ስለዚህ ክሩ የሚለካው ቆሞ፣ ከበሮው እየተመታ ይሁን፤ ሳድሉን የምታዞረው ትንሿ ባለስድስት ጎን ቁልፍም ከቤዙ ከረጢት ኪስ አትጥፋ።