አውሮፕላን ሲያበር ዕድሉ አመለጠው የተባለው ሰው

ልጆች ኮምፒውተር መነካካት ሲጀምሩ የሚያነሷት አንዲት ጥያቄ አለች፤ እኛ ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ «በቃ እንደዚያ ነው» ብለን የምናልፋት። ዊንዶውስ በተጫነበት ኮምፒውተር ውስጥ ዋናው ዲስክ «ሲ» ይባላል። ሁለተኛ ካለ «ዲ» ነው። ታዲያ «ኤ» እና «ቢ» የት ገቡ?

የትም አልገቡም፤ ኖረው ኖረው ሞቱ። ኤ እና ቢ የፍሎፒ ዲስክ ማስገቢያዎች ነበሩ። በኋላ ሃርድ ዲስክ ሲመጣ ሁለቱ ፊደላት ተይዘው ስላገኘ ሦስተኛው ደረሰው። ፍሎፒው ከገበያ ጠፋ፣ ቦታው ግን እንደ ሟች ወንበር ባዶውን ቀረ። ይህን የፊደል ልማድ ወደ ግል ኮምፒውተር ያመጣው ሲፒ/ኤም የሚባል፣ ዛሬ ስሙን ጥቂት ሰው ብቻ የሚያስታውሰው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ዶስ ከእሱ ወረሰ፣ ዊንዶውስ ደግሞ ከዶስ።

በዚህ ዓምድ ስለ ክትባትና ስለ ደም ግፊት ማንበብ የለመዳችሁ ዛሬ ትንሽ ታገሡኝ። ጋሪ ኪልዳል ስለሚባለው የሲፒ/ኤም ፈጣሪ ነው የምጽፈው፤ ወደ ሙያዬም መመለሴ አይቀርም። ያነሳሳኝ ስለ እሱ በየቦታው የሚነገረው ተረት ነው። «አይቢኤም የሚያህል ኩባንያ ቤቱ ድረስ ሲመጣለት እሱ በአውሮፕላን ሽርሽር ሄዶ ነበር፤ ዕድሉን ቢል ጌትስ ወሰደው» ይባላል። ወላጆችም ለልጆቻቸው ስለ ቀጠሮ ማክበር ሲመክሩ ይጠቅሱታል። ሰውየው ሞቷል፣ መልስ መስጠት አይችልም። ልጆቹ ግን አሉ።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። «ኦፐሬቲንግ» የሚለው ቃል ለእኛ ለሆስፒታል ሰዎች የሚያስታውሰን ኦፕራሲዮን ነው፤ እዚህ ግን ሌላ ነው። ሠላሳ አልጋ ያለውን የሕሙማን ክፍል አስቡ። ማን የትኛው አልጋ ላይ ይተኛል? የማን ካርድ የት ተቀምጧል? ያለችው አንዲት የኦክስጅን ሲሊንደር አሁን ለማን ትሰጥ? ይህን ሁሉ የምትይዘው የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ናት። በሽታውን የሚያክመው ሐኪሙ ቢሆንም እሷ ከሌለች ግን ክፍሉ በግማሽ ሰዓት ይተራመሳል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት እሷ ናት። ጽሑፍ መጻፊያው፣ ሒሳብ መሥሪያው፣ ጨዋታው ሁሉ ሥራውን የሚሠራው እሷ ቦታ ስትሰጠው ነው።

ኪልዳል በ1942 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ መርከበኞችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ነበረው፤ ወጣቱ ጋሪም እዚያ አስተምሯል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ በ1972 ዶክትሬቱን ያዘ፣ ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤትም አስተማሪ ሆነ። ጎን ለጎን ለኢንቴል በአማካሪነት ይሠራ ነበር። ኢንቴል ያኔ አዲስ ያወጣቸውን ጥፍር የሚያህሉ ቺፖች ብዙ ሰው የሚያያቸው እንደ መቆጣጠሪያ ዕቃ ነበር። ኪልዳል ግን በእነሱ ሙሉ ኮምፒውተር መሥራት ይቻላል ብሎ አመነ።

የቸገረው ማስቀመጫ ነው። በዚያን ጊዜ ፕሮግራም የሚገባው በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ነበር፤ ዝግተኛና ቶሎ የሚቀደድ ነገር። ሹጋርት ከሚባል ኩባንያ ለሙከራ ሲያገለግል የቆየ የፍሎፒ ዲስክ ማጫወቻ አገኘ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ ስላልነበረው ግን አንድ ዓመት ያህል ዝም ብሎ ተቀመጠ። በመጨረሻ ጆን ቶሮድ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ማገናኛውን ሠራለት። በ1974 መጸው፣ እኛ አገር ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ሰሞን መሆኑ ነው፣ ፓሲፊክ ግሮቭ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ፣ ከመኖሪያ ቤቱ ጓሮ ባለች የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ሲፒ/ኤም ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራ። ኪልዳል ለኢንቴል አቀረበው። ኢንቴል አልፈለገውም።

ስለዚህ ራሱ ሊሸጠው ተነሣ። «ራሱ» ስል እሱና ባለቤቱ ዶሮቲ ማክዩወን ማለቴ ነው፤ ይህን ታሪክ የሚያወሩ ብዙዎች ዶሮቲን ይረሷታል። ድርጅቱን አብረው አቋቋሙ፤ ሽያጩን፣ ውሉን፣ የንግዱን ጣጣ የያዘችው እሷ ናት። የድርጅቱ ስም በመጀመሪያ ኢንተርጋላክቲክ ዲጂታል ሪሰርች ነበር፤ የባልና ሚስት የቤት ውስጥ ሥራ በከዋክብት ዓለማት መካከል የተዘረጋ ይመስል! በኋላ ዲጂታል ሪሰርች ተባለ።

የኪልዳል ትልቁ ሐሳብ ግን የመጣው ከመሰልቸት ይመስለኛል። ኮምፒውተር የሚገጣጥሙ ኩባንያዎች በየቀኑ ይበቅሉ ነበር፣ የአንዱ አሠራር ከሌላው አይገጥምም። ለእያንዳንዱ ሲፒ/ኤምን እንደገና ማስተካከል ነበረበት። አይምሳይ የሚባለው ኩባንያ እንዲሁ ለእኛም ይስተካከልልን ሲል ኪልዳል ሥራውን ለሁለት ከፈለው። ከማሽኑ ጋር የሚነካካውን ትንሽ ክፍል ለብቻው አወጣና ባዮስ አለው፤ የቀረውን የትም ቢሄድ የማይለወጥ አደረገው። ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ የተዛወረች ነርስ መርፌ መውጋት እንደ አዲስ አትማርም፤ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ብቻ ነው የምትጠይቀው። ባዮስ ያቺ ጥያቄና መልሷ ናት። ከዚያ በኋላ አንድ ፕሮግራም ጻፊ ለአንድ ማሽን ሳይሆን ሲፒ/ኤም ላለው ማሽን ሁሉ መጻፍ ቻለ። የኮምፒውተር ጠጋኝ ዛሬም «ባዮሱ ተበላሽቷል» ሲላችሁ የኪልዳልን ቃል እየተናገረ ነው።

ማሽኖቹን ብታዩዋቸው ትስቃላችሁ። በ1981 የወጣው ኦስቦርን የተባለው ኮምፒውተር «ተንቀሳቃሽ» ተብሎ በ1,795 ዶላር ተሸጠ፤ ክብደቱ 11 ኪሎ ያህል ነው፤ የዓመት ከመንፈቅ ሕፃን እንደመሸከም ማለት ነው። ስክሪኑ ግን ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። የማስታወስ ችሎታው 64 ኪሎባይት ነበር፤ ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚያች ጠባብ ቦታ ሰዎች ወርድስታር በተባለው ፕሮግራም መጽሐፍ ጽፈዋል፣ የሱቅ ሒሳብ ይዘዋል። የፋይል ስም ከ8 ፊደል አይበልጥም፣ ነጥብ ይደረግና 3 ፊደል ይከተላል። ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ሥዕል የለም፣ ማውስ የለም። ለእኛማ ጭራሽ ቦታ አልነበረውም። ያኔ ጽሑፍ የሚቀመጥበት የምልክት ሰንጠረዥ በጠቅላላው 128 ቦታ ብቻ ነበረው፣ ላቲኑ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ሞልቶታል። የእኛ ፊደል በሰባት ቤት ሲቆጠር ብቻውን 231 ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ የገባው በ1999 ነው፤ ልጆቻችን በስልክ በአማርኛ የሚጻጻፉት ከዚያ ወዲህ ነው።

ወደ ተረቱ እንምጣ። በ1980 አይቢኤም በምስጢር የግል ኮምፒውተር ሊሠራ ተነሣና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፈለገ። ሰዎቹ ቢል ጌትስ ዘንድ ሄዱ፤ ጌትስም ሲፒ/ኤም የኪልዳል መሆኑን ነግሮ ወደዚያ ላካቸው። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ኪልዳል በርግጥም አውሮፕላኑን እያበረረ ሄዷል። የሄደው ግን ለሽርሽር ሳይሆን ደንበኛ ዘንድ ለሥራ ነው። ውል የሚመለከት እንግዳ ሲመጣ የምታነጋግረው ዶሮቲ ስለሆነች እንደ ወትሮው እሷ ተቀበለቻቸው። ከምንም በፊት ፈርሙ ያሏት ምስጢር የመጠበቅ ውል ግን ለአንድ ወገን ብቻ ያደላ ስለነበር እሷም የድርጅቱ ጠበቃም አመነቱ። ኪልዳል ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ከሰዎቹ ጋር እንደተነጋገረ ተናግሯል፤ በአይቢኤም በኩል የነበሩ ሰዎች ሌላ ይላሉ። ያም ሆነ ይህ ሳይስማሙ ተለያዩ።

እኔ ዶሮቲን አልወቅሳትም። ያላነበቡትን ወረቀት አልፈርምም ያለች ሴት ናት። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለችዋ ጠንቃቃ ትባላለች።

ክፍተቱን የሞላው ሲያትል ውስጥ የተሠራ ነገር ነው። ቲም ፓተርሰን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ለቀጣሪው ኩባንያ አዲስ ማሽን የሚሆን ሲፒ/ኤም ስለዘገየበት፣ የሲፒ/ኤምን መመሪያ አይቶ በአጠቃቀም የሚመስለውን ሥርዓት በራሱ ጻፈ። እሱ ራሱ «ፈጣንና ቆሻሻ» የሚል መጠሪያ ሰጥቶት ነበር። ማይክሮሶፍት በመጀመሪያ 25,000፣ ከዚያ 50,000 ዶላር ከፍሎ ገዛው፤ ያ ነው ዶስ የሆነው። ኪልዳል ሲያየው የራሱን ሥራ አወቀና ተቆጣ። አይቢኤምም ክስ እንዳይመጣበት ሲፒ/ኤምንም አብሬ እሸጣለሁ ብሎ አስማማው። ነሐሴ 12 ቀን 1981 የአይቢኤም ኮምፒውተር ይፋ ሆነ። ሲፒ/ኤም ዘግይቶ ሲደርስ ዋጋው 240 ዶላር ነበር፣ ዶስ 40። ከዚህ በኋላ ገዢው የትኛውን እንደመረጠ መናገር አያስፈልግም። ለእኔ ሰውየውን የጣለው አውሮፕላኑ ሳይሆን ይህ የስድስት እጥፍ ልዩነት ነው።

ኪልዳል አልደኸየም። ድርጅቱ ሌሎች ሶፍትዌሮች ሠርቷል፣ በ1991 ለኖቬል ተሸጧል፤ እሱም ስለ ኮምፒውተር የሚያወራ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢ ሆኖ ሠርቷል። ተረቱ ግን በሄደበት ይከተለው ጀመር። በ1992 የተማረበት ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርቱን 25ኛ ዓመት ሲያከብር ኪልዳልን ጋበዘ፤ የክብር ንግግሩን የሰጠው ግን ሃርቫርድን አቋርጦ ለወጣው ለቢል ጌትስ ነው። እዚያው ዶክትሬቱን የሠራው ልጅ ተቀምጦ እንዲሰማ! ከዚያ በኋላ ነው የሕይወት ታሪኩን መጻፍ የጀመረው። በእነዚያ ዓመታት መጠጥም በርትቶበት ነበር።

ሐምሌ 8 ቀን 1994 ሞንተሬይ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ራሱን ተጎዳ። እንዴት እንደተጎዳ የሚነገረው የተለያየ ነው። ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ታይቶ ተመለሰ፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። 52 ዓመቱ ነበር። የአስከሬን ምርመራው የሞቱን መንስኤ በእርግጠኝነት ባይወስንም በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል የረጋ ደም ተገኝቷል።

ይህችን ሳነብ ኮምፒውተሩን ረሳሁት። ራሱን የተመታ ሰው መጠጥ መጠጥ ከሸተተ ሁሉም «ሰክሮ ነው፣ ይተኛ» ይላል። ስካርና በራስ ቅል ውስጥ የሚፈስ ደም ግን በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ያንገዳግዳሉ፣ ምላስ ያስራሉ፣ ያስተኛሉ። ደሙ በሰዓታት ሊጠራቀም ይችላል፣ በቀናትም፣ በሽማግሌ ላይ ደግሞ በሳምንታት። ዕድሜ ሲገፋ አንጎል ትንሽ ስለሚሸሽ ደም ሥሮቹ ይወጠራሉ፣ ቀላል አወዳደቅ ይበጥሳቸዋል። ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰውና እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይበልጥ ያሰጉኛል። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የሚደጋገም ትውከት፣ ያለወትሮ እንቅልፍ፣ መዘባረቅ፣ የአንድ ጎን እጅና እግር መዛል፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት ካያችሁ፣ ትናንት ሐኪም አይቶት «ደህና ነው» ቢልም ዛሬ መልሳችሁ ውሰዱት። እስከዚያው ለራስ ምታቱ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ መድማቱን ሊያብሱት ይችላሉ።

በ2014 ፓሲፊክ ግሮቭ በሚገኘው የድሮ ቢሮው ደጃፍ የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆመለት። የሕይወት ታሪኩን ረቂቅ በሕይወት ሳለ ለጥቂት ወዳጆቹ ሰጥቶ ነበር፤ ሳይታተም ቆየ። በ2016 ወንድና ሴት ልጁ የመጀመሪያውን ክፍል ለሕዝብ ለቀቁት፣ የኋለኛውን ግን አስቀሩት። መጠጡ በበረታበት ጊዜ የተጻፈ በመሆኑ አባታችንን በእውነተኛ መልኩ አያሳይም ነው ምክንያታቸው። የታሪክ ጸሐፊዎች ቅር ሊሰኙ ይችላሉ፤ እኔ ከልጆቹ ጋር ነኝ። የተለቀቀው ክፍል በካሊፎርኒያ የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም በኩል በነጻ ይገኛል። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካላችሁ ስለ ጓሮዋ ክፍል የጻፈውን አስነብባችሁ አስተርጉሙት።