የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ በፈውስና በሥጋት መካከል

ጧት ጧት ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋት፣ ላሟን ለማለብ ፀሐይ እስክትሞቅ የምትጠብቅ የቡሌ ሆራ እናት፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው የመገጣጠሚያ ደዌ ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች።

እ.ኤ.አ. በ1998 ኤታነርሴፕት፣ በ1999 ደግሞ ኢንፍሊክሲማብ ለዚህ ሕመም በአሜሪካ ከተፈቀዱ ወዲህ፣ ባዮሎጂክ የሚባሉት መድኃኒቶች ሜቶትሬክሴት በተባለው መድኃኒት ላልተሻላቸው ሕሙማን ታላቅ ዕረፍት እንዳመጡ አይካድም፤ ነገር ግን እነዚህ ሁለቱ የሚገቱት ቲኤንኤፍ የተባለው ንጥረ ነገር፣ አንጓን የሚያሳብጠው እርሱ ራሱ፣ በሳንባ ውስጥ ያንቀላፋውን የነቀርሳ (የቲቢ) ተሕዋስ ከቦ የሚያግተው ዘብ ስለ ሆነ፣ ነቀርሳ በበዛባት አገራችን መርፌው የተኛውን ጠላት ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚህ የደረት ራጅ፣ ስውር ነቀርሳን የሚያሳይ ምርመራና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ሊቀድሙት ይገባል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበትና፣ በሞያሌ መንገድ ቆላውን አቋርጦ ለሚጓዝ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

እኛ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት በጊዜ እንዲጀመር እንመክራለን፤ ባዮሎጂኩን ግን፣ የሚያስፈልገው ሰው በፍርሃት ብቻ እንዲነፈገው አንወድም። በጉጂና በቦረና የምትኖሩ ሕሙማን ሆይ፣ ጥሬ ወተት ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስን ሊያስተላልፍ ይችላልና፣ የምትጠጡ እንደ ሆነ መርፌውን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት።