ድንጋዩን ለሰው መንገር

ሰሞኑን ስለ አንድ ወጣት ጂኦሎጂስት ወሬ ተነሣ። የነዳጅ ፍለጋ ሥራውን ትቶ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ስለ ምድር ማስተማር ጀምሯል። አንድ ወዳጄ «ተምሮ ባከነ» አለ። እስካሁን ንዴቱ አለቀቀኝም። ሙግቴ ይህ ነው፦ ምሁራን ዝም ማለት የለባቸውም፤ ያወቁትን ለሰው መንገር አለባቸው።

አሜሪካዊውን ጂኦሎጂስት ዋልተር አልቫሬዝን እንውሰድ፤ በወጣትነቱ እንጀራው ነዳጅ ፍለጋ ነበር፤ ሊቢያ ድረስ ሄዶ ሠርቷል። ያንን ከተወ በኋላ ጣሊያን ውስጥ ጉቢዮ አጠገብ፣ በኖራ ድንጋይ መሀል ያለች አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች የሸክላ አፈር ንጣፍ ቀልቡን ሳበችው። ከአባቱ ከሉዊስና ከሁለት ኬሚስቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 ዳይኖሰሮችን ያጠፋው ከሰማይ የወደቀ ግዙፍ አለት ነው ብለው ጻፉ። በ1997 ደግሞ ታሪኩን ማንም አንባቢ በሚገባው መንገድ መጽሐፍ አደረገው። እኔ በዚህ ውስጥ ብክነት አይታየኝም።

የሚያንገበግበኝ ግን ያ አለት ሲወድቅ የቆፈረው ጉድጓድ ነገር ነው። ግሌን ፔንፊልድ የተባለ ጂኦፊዚሲስት ለሜክሲኮው የነዳጅ ኩባንያ ለፔሜክስ ነዳጅ ሲፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩካታን ላይ ግዙፍ ክብ ምልክት አይቶ ነበር። በ1981 ከባልደረባው ከካማርጎ ጋር በስብሰባ ላይ ተናገሩ፤ ልብ ያላቸው ጥቂት ነበር። ካርሎስ ባይርስ የሚባል የሂውስተን ጋዜጠኛ ግን ጻፈው። በ1990 ጉድጓዱን አጥብቆ ይፈልግ ለነበረው ለአላን ሂልደብራንድ ነገሩን የጠቆመውም ይኸው ጋዜጠኛ ነው። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቺክሹሉብ የተባለው ጉድጓድ በዓለም የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ዓለምን ሲያስስ፣ ፍንጩ በነዳጅ ፈላጊዎች እጅ ነበር!

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባም ሌሊት ሰው ከፎቅ እየሮጠ ሲወርድ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪው ፕሮፌሰር አታላይ አየለ በመገናኛ ብዙኃን እየቀረቡ አስረድተዋል። ምስጋና ይገባቸዋል። የእሳቸው ዓይነት ድምፅ ግን በጣት የሚቆጠር ነው፤ የቀረውን ክፍተት አሉባልታ ሞላው። ጥፋቱን ሁሉ በምሁራን ላይ አልጭንም። እኛ ጋዜጠኞች ለእግር ኳስ ዘጋቢ አይቸግረንም፤ ስምጥ ሸለቆ ላይ ተቀምጠን ስለ ስምጥ ሸለቆ የሚጽፍ ሰው ግን የለንም። የዝግጅት ክፍል ኃላፊዎች፣ አንድ ሰው መድቡ፤ ከጂኦሎጂስቶቹ ጋር መስክ ይውረድ፣ በየወሩም ይጻፍ። የሚቀጥለው መንቀጥቀጥ ሳይመጣ ይጀመር።