በሰው ምርኩዝ የቆመ ትግል

ሐርጌሳ መሐል ከተማ ከፍ ካለ መደብ ላይ የተሰቀለውን ሚግ አውሮፕላን ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። “ሚጉ ጋ እንገናኝ” እየተባባልን ቀጠሮ እንይዝበታለን። ከዚሁ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሱ ይህችኑ ከተማ ላወደሙ አውሮፕላኖች መታሰቢያ መሆኑንም ሰምተናል። የድብደባው መነሻ ከእኛው አገር ጋር የተያያዘ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ይህን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ትጥቅ ትግል ወሬ በተነሳ ቁጥር “እነ እገሌ እኮ ከኋላቸው መንግሥት አለ፣ አይወድቁም” የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሊያሳስበን የሚገባው ያ ከኋላ የቆመው መንግሥት ነው እንላለን። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ፣ በምህጻሩ ኤስ ኤን ኤም፣ በ1981 ለንደን ውስጥ ተመሠረተ። በ1982 ደግሞ መቀመጫውን ወደ ኢትዮጵያ አዞረ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የተቀበሉት ለሰሜን ሶማሊያ ሕዝብ በደል አዝነው አልነበረም። ከ1977-78ቱ የኦጋዴን ጦርነት በኋላ ሲያድ ባሬ የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባርን አቅፈው ነበር። ነገሩ “አንተ የእኔን ሸማቂ ከያዝክ እኔም ያንተን እይዛለሁ” ነበር። በሁለቱም ወገን ያሉት ታጋዮች ለአገራቸው እየተዋጉ መሆናቸውን ያምናሉ፤ ለአስተናጋጆቻቸው ግን መደራደሪያ ነበሩ።

ከኤስ ኤን ኤም ቀድሞ ኢትዮጵያ የገባው የሶማሊያ አድን ዴሞክራሲያዊ ግንባር ይህን ቀድሞ ቀምሶታል። መሪው ኮሎኔል አብዱላሂ ዩሱፍ ነበሩ፤ በኋላ በ2004 የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ፕሬዚዳንት የሆኑት። በ1982 የግንባሩ ተዋጊዎችና የኢትዮጵያ ጦር ባላንባሌና ገልዶጎብ የሚባሉትን የሶማሊያ ከተሞች ያዙ። ከዚያ በኋላ “ከተሞቹ የማን ናቸው?” የሚል ጠብ ተነሳ። ኮሎኔሉ በ1985 ኢትዮጵያ ውስጥ ታሰሩ፤ የተፈቱት ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1991 ነው። ወዳጅ ብሎ በሄደበት አገር ስድስት ዓመት ያህል እስር ማለት ነው።

ወደ 1988 እንመለስ። በማርች ወር የኤርትራ ሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር አፋቤት ላይ የደርግን ጦር ክፉኛ ሰበረው። ደርግ ለሰሜኑ ግንባር ሠራዊት አጠረው፤ ሠራዊቱ ደግሞ በሶማሊያ ድንበር ተቀምጧል። ስለዚህ ከሲያድ ባሬ ጋር መታረቅ ግድ ሆነ። ኤፕሪል 1988 ሁለቱ መንግሥታት ተፈራረሙ፦ ጦራቸውን ከድንበር ሊያርቁ፣ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ሊመልሱ፣ ምርኮኞች ሊለዋወጡና አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ መርዳት ሊያቆም።

እውነቱን እንናገር፤ ይህ ስምምነት ለብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ደስታ ነበር። ከኦጋዴን ጦርነት ጀምሮ አሥር ዓመት ሙሉ ሶማሊያ ውስጥ ታስረው የነበሩ ምርኮኞች በእሱ ምክንያት አገራቸው ገብተዋል። የእነሱ እናት “ለምን ታረቁ?” ልትል አትችልም። አስቸጋሪው ነገር ይኸው ነው። የአስተናጋጁ መንግሥት እርቅ ለራሱ ሕዝብ ጽድቅ ሊሆን ይችላል፤ በእሱ ተጠግቶ ለሚታገለው ግን የሞት ፍርድ ነው።

ኤስ ኤን ኤም በአንድ ጊዜ መቀመጫም ስንቅም አጣ። ወይ መበተን ወይ አገር ቤት ገብቶ መሞት ሆነ ምርጫው። ሜይ መጨረሻ ላይ መጀመሪያ ቡርዖን፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሐርጌሳን አጠቃ። ጊዜውን የመረጡት እነሱ አልነበሩም፤ ስምምነቱ መረጠላቸው። ሲያድ ባሬም መልሱን በታጋዩ ላይ ብቻ ሳይሆን በከተማው ሕዝብ ላይ አወረዱ፣ በመድፍና በአውሮፕላን። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ሐርጌሳ ፍርስራሽ ሆነች። የተረፈው በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ያኔ የተከፈተው የሐርቲሼክ መጠለያ ጣቢያ በዓለም ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው። እዚህ ሱቅ ከፍቶ ስኳር የሚሸጥልን ሰውዬ አማርኛ ቢያውቅ አይግረማችሁ፣ ምናልባት እዚያ አድጎ ይሆናል።

ይህ የእኛ ቀጠና ጉድ ብቻ አይደለም። የኢራቅ ኩርዶች በሙላ ሙስጠፋ ባርዛኒ መሪነት ከባግዳድ ጋር ሲዋጉ መሣሪያና ገንዘብ ያገኙ የነበረው ከኢራኑ ሻህና በስውርም ከአሜሪካ ነው። ሻሁ የሚፈልጉት ግን የኩርዶችን መብት ሳይሆን የሻት አል አረብን የወንዝ ድንበር ነበር። ማርች 6 ቀን 1975 አልጀርስ ላይ ከሳዳም ሁሴን ጋር ተስማምተው የፈለጉትን አገኙ፤ እርዳታው ቆመ፤ ትግሉም በሳምንታት ውስጥ ተበተነ። የቱርክ ኩርዶች መሪ አብዱላህ ኦጃላንም ለብዙ ዓመታት የሶሪያ እንግዳ ነበሩ። ቱርክ በ1998 ጦር ስትመዝባት ሶሪያ አስወጣቻቸው፤ ከአገር አገር ሲንከራተቱ በፌብሩዋሪ 1999 እዚሁ ጎረቤታችን ናይሮቢ ተያዙ። በ2019 ደግሞ ከአሜሪካ ጎን ሆነው አይሲስን የተዋጉት የሶሪያ ኩርዶች አሜሪካ ወታደሮቿን ከድንበሩ ስታሸሽ ቱርክ ገባችባቸው።

“ታዲያ ያለ ውጭ እርዳታ ማን አሸንፎ ያውቃል?” የሚለን ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኤስ ኤን ኤምም ያለ ኢትዮጵያ መሬት ስድስት ዓመት መቆየት ባልቻለ ነበር፤ በ1988 ያ ሁሉ ስደተኛ መግቢያ ያገኘውም እዚያው ነው። መጠለልና መታሰር ግን ይለያያሉ። ደጋፊው በሄደ ማግስት ኤስ ኤን ኤምን ያቆመው የራሱ ሰው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በእንግሊዝ ያለው ዘመድ ገንዘብ ላከ፤ አርብቶ አደሩ ከከብቱ ሰጠ፤ ሶማሊዎቹ “ቃራን” የሚሉት መዋጮ ማለት ነው። በዚህ ተይዞ በ1991 መጀመሪያ ሐርጌሳ ገቡ። በ1993 የቦረማው የሽማግሌዎች ጉባኤ ወራት ሲፈጅም አብዛኛው ወጪ የተሸፈነው ከአገሬው ነው። የእኛ ድርጅቶች ከሶማሊላንድ የሚማሩት ነገር ካለ ይህ ይመስለናል።

የቅርቡንም እንይ። አሥመራ ተቀምጠው የነበሩት ግንቦት 7፣ ኦነግና ኦብነግ በ2018 ምን ሆኑ? ጁላይ 9 ቀን ኢትዮጵያና ኤርትራ ታረቁ፤ ድርጅቶቹ በወራት ውስጥ ጓዛቸውን ጠቅልለው አገር ገቡ። ደግነቱ አዲስ አበባ ያኔ በሯን ከፍታ ስለነበር ነገሩ በአበባ ተፈጸመ። በሩ ዝግ ቢሆንስ ኖሮ? መንግሥት ለመንግሥትም ቢሆን ያው ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ኢትዮጵያና ሶማሊላንድ የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ እዚህ ከተማ ብዙ ሰው ጨፍሯል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ኢትዮጵያና ሶማሊያ አንካራ ላይ ሲስማሙ ግን ሶማሊላንድ ከጠረጴዛው አልነበረችም።

እንግዲህ ለትግል መዋጮ ሊጠይቀን ወይም ጎረምሶቻችንን ሊመለምል የሚመጣ ወንድም ቢኖር ቁጣ አያስፈልግም፤ ሻይ ይጋበዝና ይጠየቅ። ጥይቱን የሚገዛላችሁ ማነው? እሱስ ከእናንተ የሚፈልገው ምንድነው? ነገ ከጠላታችሁ ጋር ቢጨባበጥ የቆሰለው ልጅ የት ይታከማል? መንደሩ ላይ አውሮፕላን ቢላክ እናቶች በየት በኩል ይወጣሉ? የተፈራረሙት ሰዎች ሐርቲሼክ አልኖሩም። የኖረው ሕዝቡ ነው። መልሱን ከሰማን በኋላ ስለ ገንዘቡም ስለ ልጆቹም እንነጋገራለን።