የመሣሪያ መግለጫ በሥራ ይፈተን

አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የአውቶቡስ ትኬት የሚቆርጥ ሶፍትዌር ሠራ እንበል። ሶፍትዌሩን የሚጠራው ሰው ሳይሆን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል እንዲሆን ስላሰበ «ትኬት ይቆርጣል» የሚል መግለጫ ጻፈለት፤ ከሥሩም «ቀን» እና «ሰዓት» የሚሉ ሁለት ግቤቶችን አኖረ። ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር የፈለገ ተጠቃሚ ወኪሉን «8/5/2018፣ ጠዋት 12 ሰዓት» ይለዋል፤ ጥር 8 ቀን ማለቱ ነው። ወኪሉ ግን ቀኑን እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ወይም ኦገስት 5 ቀን 2018 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ሁለቱም ካለፉ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሰዓቱም እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ተደርጎ ሊተላለፍ ይችላል። ፕሮግራሙ ስሕተት የለበትም። ጉድለቱ ያለው ቀኑ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር፣ ሰዓቱም ከየት ተነሥቶ እንደሚቆጠር ባልተናገረው መግለጫ ላይ ነው።

ወኪል የምንለው ለጥያቄ መልስ ከመስጠት አልፎ ሌሎች ሶፍትዌሮችን እየጠራ ሥራ የሚያከናውን የቋንቋ ሞዴል ነው። ይህ ሞዴል እንደ ደንቡ የመሣሪያውን የውስጥ ኮድ አያይም። የሚያየው ስሙን፣ መግለጫውንና የግቤቶቹን ዓይነት ብቻ ነው። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ሞዴሎቹ ፈንክሽን መጥራት እንዲችሉ አደረገ፤ አንትሮፒክም በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን ክፍት ስታንዳርድ ይፋ አደረገ። ከዚያ ወዲህ አንድ ወኪል ፈጽሞ በማይተዋወቁ ሰዎች ከተሠሩ በርካታ መሣሪያዎች መካከል እንዲመርጥ ይጠየቃል። መግለጫ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ ጌጥ መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው።

ታዲያ የመግለጫውን ጥራት በምን እንለካው? የተለመደው መንገድ አንብቦ መፍረድ፣ ወይም ለሌላ የቋንቋ ሞዴል ሰጥቶ «ከአሥር ስንት ይገባዋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ አካሄድ ግልጽ ግድፈቶችን ይለቅማልና ጨርሰን አንነቅፈውም። ነገር ግን የሚመዝነው የጽሑፉን ውበት ነው። ከላይ ያነሣነው መግለጫ አጭርና ግልጽ ስለሆነ የማለፊያ ነጥብ አያጣም። የጎደለው ነገር የሚታየው የተሳሳተ ትኬት ሲቆረጥ ብቻ ነው። ስለሆነም መግለጫ በሥራ መፈተን አለበት እንላለን። ትክክለኛ ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀ ተግባራት ይዘጋጁ፤ ሞዴሉና ኮዱ ሳይነኩ መግለጫው ብቻ ይቀየር፤ ከዚያም የተሳካው ይቆጠር። በቤተ ሙከራ ውስጥ አንዱን ነገር ለውጦ ሌላውን እንደነበረ ማቆየት የተማርነው ለዚህ ነው።

ሙከራውም መደጋገም አለበት፤ የቋንቋ ሞዴል ለአንድ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥምና። ሲየራ የተባለው ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ታው ቤንች የተሰኘ መመዘኛ ባቀረቡ ጊዜ በችርቻሮ ንግድ ተግባራት ላይ ጂፒቲ 4ኦን የመሰለ ሞዴል እንኳ አንድን ተግባር በስምንቱም ሙከራ የማሳካት ምጣኔው ከ25 በመቶ በታች ሆኖ ተገኝቷል። የመመረቂያ ፕሮጀክት በሚቀርብበት ዕለት አንድ ጊዜ ሲሠራ አይተን የምናጨበጭብ ሁላችን ይህ ቁጥር ሊያሳስበን ይገባል።

የሚቆጠረው ምንድን ነው የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። መሣሪያው ስንት ጊዜ ተመረጠ ብሎ መቁጠር ያሳስታል። «ከሁሉ አስቀድመህ እኔን ጥራ» የሚል መግለጫ ብዙ ጊዜ ሊመረጥ ይችላል፤ ይህ ግን ማታለል እንጂ መግለጽ አይደለም። ከዚህ የከፋም አለ። ኢንቫሪያንት ላብስ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 እንዳሳየው በመግለጫ ውስጥ የተደበቀ ትእዛዝ ወኪሉ የተጠቃሚውን ምስጢራዊ ፋይል አሳልፎ እንዲሰጥ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ፈተናው መሣሪያው መጠራት የማይገባውን ጊዜም ማካተት ይኖርበታል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት የፈንክሽን አጠራር መመዘኛ ከቀረቡት ፈንክሽኖች አንዱም የማይስማማቸውን ጥያቄዎች የያዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ መፈተን ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ለአንዱ ሞዴል የተስማማ መግለጫ ለሌላው ላይስማማ ይችላል የሚለውም ተገቢ ተቃውሞ ስለሆነ ከውጤቱ ጋር የሞዴሉ ስም አብሮ ይጻፍ። መግለጫን ማስረዘም ግን መፍትሔ አይሆንም። የመሣሪያዎቹ መግለጫ በሙሉ ሞዴሉ በሚያነበው ጽሑፍ ውስጥ ስለሚገባ ትርፍ ቃል ቦታ ያጣብባል፤ ወጪም ይጨምራል። ተማሪ በሃያ ወይም በሠላሳ ተግባራት ቢጀምር በቂ ነው፤ ብቻ መግለጫውን ባረመባቸው ተግባራት መልሶ ውጤት አይስጠው። ፈተናውን አስቀድሞ ያየ ተማሪ ያመጣው ነጥብ ምን እንደሚባል አንባብያን አያጡትም።

በአገራችን ለሚሠሩ መሣሪያዎች ደግሞ የፈተናው ተግባራት ሕዝቡ በሚናገርበት መንገድ ይጻፉ። «ከነገ ወዲያ ማለዳ»፣ «ለጥምቀት ዋዜማ»፣ «ማታ 2 ሰዓት» የሚሉ ጥያቄዎች ይግቡባቸው። ጳጉሜንም አትረሳ። የወሩ ግቤት ከ1 እስከ 12 ብቻ የሚቀበል ከሆነ ጳጉሜን 3 ቀን የሚጓዝ ሰው ትኬት አያገኝም።