ምጣዱ የት ነው?

እኛ ሰዎች ቤት እናድስ ስንል ከየት እንደምንጀምር ታውቃላችሁ። ከሳሎን! መጀመሪያ ሶፋ፣ ቀጥሎ የቲቪ ማስቀመጫ፣ ከዚያ መጋረጃ፣ ከዚያ እንግዳ የሚያየው በረንዳ። ገንዘቡ ሲያልቅ “ማድ ቤቷን እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመት” እንላለን። የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የራሱ ሶፋ ይዞ ይመጣል።

ይህን የምንጽፈው ሌላ ሰው ለመውቀስ አይደለም። ዛሬ ከሳሽም ተከሳሽም ምስክርም እኛው ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚህ ዓምድ ጸሐፊዎች መካከል ሁለቱ እህትና ወንድም ናቸው፤ የፎገራ ልጆች፣ ከቁሐር ሚካኤል። ባለፈው ጥምቀት ሁላችንም ተጠራርተን ወደ እነሱ ወረድን። እናታቸውን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። እኛ ሳሎን ተደርድረን ስለ ሥልጣኔ እንከራከራለን፤ እማማ ጓሮ ባለችው ጎጆ ውስጥ በሦስት ጉልቻ ላይ ይጋግራሉ። የሚነደው ኩበት ነው። ግድግዳው ጠቁሮ ያብረቀርቃል። የተጋገረው እንጀራ ሲመጣ እኛ አመስግነን በላን፤ እማማ ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ሁለት ሦስቴ ስለው ወደ ጭሱ ተመለሱ።

ያን ቀን ማታ አንዳችን “ለእማማ ዘመናዊ ኩሽና እንሥራላቸው!” አለ። አጨበጨብን። ገንዘብ ለማዋጣት ተማማልን። ሥልጡኖች አይደለን? በሁለት ሳምንት ውስጥ ፕላን በኮምፒዩተር ተነደፈ። ነጭ ካቢኔት፣ ጥቁር ግራናይት፣ ሁለት ጎድጓዳ ያለው ሲንክ፣ አንገቱ የተቆለመመ ቧንቧ፣ አራት ምድጃ ያለው የጋዝ ማብሰያ፣ በላዩ የጭስ መሳቢያ። የቧንቧው ቀለም ብር ይሁን ጥቁር በሚለው ላይ ሦስት ማታ ተጨቃጭቀናል። (አትሳቁ፤ እናንተም ታደርጉታላችሁ።)

ፕላኑን በቀለም አሳትመን ይዘን ሄድን። እማማ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው፣ አገላብጠው አዩት።

“ታምራለች። እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ” አሉ። ትንሽ ቆዩና “ምጣዱ የት ነው?”

ዝም አልን። ከመካከላችን ደፋሩ “ምጣዱማ... እዚያችው ጓሮ ይቀጥላል እማማ” አለ።

“እንግዲያ ይቺኛዋ ምን ልትሠራ ነው?”

መልስ አልነበረንም። እነሆ አሁንም የለንም። ይህ ጽሑፍም የተጻፈው ለዚያ ነው።

ሁለት ኩሽና፣ አንድ ጭስ

ጥፋቱ የእኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ አፍረን ዝም ባልን ነበር። ግን ከወረታ እስከ አዲስ አበባ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። አቅም ያለው ሰው ቤት ሲሠራ ሁለት ኩሽና ይሠራል። አንዷ ውስጥ ናት፤ ካቢኔት አላት፣ ሴራሚክ አላት፣ ፎቶ ትነሳለች። ሌላዋ ጓሮ ናት፤ ቆርቆሮ ለብሳ፣ መስኮት ሳይኖራት፣ ከአጥሩ ጋር ተለጥፋ የቆመች። እንጀራው የሚጋገረው፣ ሽንኩርቱ የሚቁላላው፣ በርበሬው የሚታመሰው በሁለተኛዋ ነው። በመጀመሪያዋ ሻይ ይፈላል።

እንጀራ መጋገሪያው ለብቻው መሆኑን አልተቃወምንም፤ ጭስን ከመኝታ ቤት ማራቅ ብልህነት ነው። የተቃወምነው ሂሳቡን ነው። ምግብ ለማይበስልባት ክፍል ገንዘቡ ሁሉ፣ ምግብ ለሚበስልባት ክፍል የተረፈው ቆርቆሮ! ማን እንደሚሠራባት እያየን ነው የምናዋጣው። የጓሮዋ የእናት ናት፣ የእህት ናት፣ የቤት ሠራተኛዋ ናት። እንግዳ አያያትም። እንግዳ ያላየው ደግሞ እኛ ዘንድ ቤት አይባልም።

ዐዋቂ የሚባሉትም ቢሆኑ ከምጣድ ጋር ተቸግረዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (በኛ አቆጣጠር) አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለእርድ የሚሆን የጋራ ቤት ከሕንፃው ውጭ እንዲሠራ ተደርጓል። ቢያንስ እነሱ ጥያቄውን ጠይቀዋል። የእኛ ፕላን ግን ምጣድ የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንዳለም አያውቅም ነበር።

ጉልቻ ቢለዋወጥ...

ይህን ስናወራ አንድ ሽማግሌ “ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም” ብለው ሳቁብን። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሹም ሲቀየር፣ ስም ሲቀየር የምንጠቅሰው ነው። ለፖለቲካ ያገልግል፤ አንከራከርም። ለማድ ቤት ግን ይቺ ተረት ውሸት ናት! እንዲያውም ወጡን ብቻ ቀምሶ የሚነሳ ሰው የተረታት ትመስላለች። ጉልቻው ሲቀየር ወጡ ላይጣፍጥ ይችላል፤ የሠራችው ሴት ግን ትተነፍሳለች።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ጭሱ የሳንባ ምች፣ የልብ ሕመምና የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ከዓይን ሞራም ጋር ይያያዛል። እናቶቻችን “ዓይኔን ጋረደኝ” ሲሉ “እርጅና ነው” ብለን ያለፍነውን ጊዜ እስቲ እንቁጠረው።

ደግሞ “የፎገራ ሰው ለውጥ አይወድም” የሚለን ካለ ይሂድና ሜዳውን ይይ። በከብቱና ክረምት በሚተኛበት ውሃ ይታወቅ የነበረው ሜዳ፣ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ሩዝ ተሞከረበት። ዛሬ ፎገራ ማለት ሩዝ ማለት ነው። ወረታ ላይ የመፈልፈያ ወፍጮዎች ተደርድረዋል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። ገበሬው አዝመራውን ቀየረ፣ ገበያውን ቀየረ፣ ጣሪያውን ከሣር ወደ ቆርቆሮ ቀየረ። የእንጀራው ዱቄት እንኳ ተቀየረ፤ ጤፉ ከሩዝ ጋር ይቀላቀላል። ያ ሁሉ ተለውጦ ያልተነካው አንድ ነገር ቢኖር ሦስቱ ድንጋይ ነው። ገበሬ ለውጥ ስለሚጠላ አይደለም። ስለ ሩዝ የተሰበሰበው ስብሰባ ስለ ጉልቻ ስላልተሰበሰበ ነው።

ምድጃ ገዝቶ መገላገል

“ታዲያ ምርጥ ምድጃ ገዝታችሁ ስጧቸዋ!” የሚል አይጠፋም። ምርጥ ምድጃ መልካም ነገር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ (በኛ አቆጣጠር) እዚሁ አገራችን የተሠራ ነው፤ ከአሸዋና ከሲሚንቶ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ከሲሚንቶ የሚቀረጽ። አራቱ ክፍሎች ምጣዱን ይከብባሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ድስት ይሸከማሉ፤ በዚያ በኩል የሚወጣው ትኩሳት ወጥ ያሞቃል። እሳቱ ስለሚታቀብ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። ኩበቱን የምትጠፈጥፍ ሴት የዚህን ዋጋ ታውቃለች።

ግን ማገዶ መቆጠብና ጭስ ማስወጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተለመደው ምርጥ ምድጃ ጭስ ማውጫ ካልተሠራለት የተረፈውን ጭስ እዚያው ቤት ውስጥ ነው የሚተፋው። ጎጃም ሜጫ ውስጥ የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ለብዙ ቤቶች ተሰጥቶ የተደረገ ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ምድጃው የሕፃናትን የሳንባ ኢንፌክሽን በሚታይ መጠን ሲቀንስ አልታየም። ይህ ምድጃውን ለመናቅ አይደለም፤ አንድ ዕቃ ገዝቶ “ተገላገልን” ማለት እንደማይቻል ለማሳየት እንጂ። ኩሽና ዕቃ አይደለም፤ ቤት ነው። ጣሪያ፣ መስኮት፣ ወለል፣ ውሃ፣ እሳት አለው።

የእነሱ ኩሽና እንዴት ተወለደ?

ያ የምንቀናበት “ዘመናዊ ኩሽና” ከሰማይ አልወረደም። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ በ1926 እ.ኤ.አ. ለፍራንክፈርት ከተማ መኖሪያ ቤቶች አንድ ኩሽና ነደፈች። ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ገደማ። ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ውስጥ ተገጠመ። ሴትየዋ ያን ጊዜ ምግብ አብስላ አታውቅም ነበር! ስለዚህ ምን አደረገች? የሚያበስሉትን ሴቶች ሥራ አጠናች፤ ከምድጃ እስከ ሲንክ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ አስለካች።

እኛ የቀዳነው ካቢኔቱን ነው፤ መለካቱን አልቀዳነውም። የተለካውም የዳቦ በላተኛዋ እርምጃ ነው። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሜትር አምጡ። ገበያ ላይ ያለው የካቢኔት ጥልቀት 60 ሳንቲ ሜትር ነው። የምጣዳችን ስፋትም 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ምጣዱ ካቢኔቱ ላይ ቢቀመጥ አክንባሎው የት ይደገፋል? ሰፌዱስ? የቡሖው ዕቃስ? የሚያምረው ፕላን ገና በመጀመሪያው እንጀራ ይፈርሳል።

እንግዲህ ከየት ይጀመር?

ከእማማ ጋር ተቀምጠን ፕላኑን እንደገና አወጣነው። ገንዘቡ በዚህ ቅደም ተከተል እንዲወጣ ተስማማን፤ ለእናንተም ቢጠቅም፦

1. ጭሱ። ጭስ ማውጫው ከጣሪያው ጫፍ በላይ ይውጣ፤ ካጠረ ነፋስ መልሶ ያስገባዋል። መስኮቶቹም ፊት ለፊት ይሁኑ፤ አንድ መስኮት ብቻውን አየር አያስኬድም።

2. ምጣዱ። ለምጣዱ የራሱ መደብ፣ በግራና በቀኝ ዕቃ ማስቀመጫ ያለው። ከፍታው በካታሎግ ሳይሆን በምትጋግረዋ ሴት ይለካ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያስብ ደግሞ ይህን ይወቅ፦ 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ለብቻው መስመርና ለብቻው ቆጣሪ ማጥፊያ ያስፈልገዋል፤ ከፍሪጅ ጋር በአንድ ሶኬት አይሰካም። መብራት ሲጠፋም ሆድ አብሮ አይጠፋምና የማገዶው ምድጃ ይቆይ።

3. ወለሉ። የፎገራ አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በዋልካ ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ሴራሚክ አብሮት ይሰነጠቃል። ዋልካው ተቆፍሮ ይውጣ፣ ድንጋይና የተመረጠ አፈር ይግባ፣ ወለሉም ከግቢው ከፍ ይበል። የ1998ን የክረምት ጎርፍ ያየ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

4. ውሃው። ቧንቧ የምትመርጡ ሰዎች፣ ስለ ቀለሙ እርሱት! የ20 ሊትር ጀሪካን ከሥሩ ይገባል ወይ? ሲንኩ የድግስ ድስት ይችላል ወይ? ውሃ ሲጠፋስ ሮቶ አለ? የእጣቢው ውሃ ወዴት ይሄዳል? ጥያቄው ይኸው ነው።

5. ካቢኔቱ። መጨረሻ! ገንዘብ ከተረፈ። ካልተረፈ መደርደሪያ ይበቃል።

እማማ ደግሞ ስድስተኛ ጨመሩ። ግቢው ውስጥ እንጨት አጋድመው ክፍሉን በመሬት ላይ “ሠሩት”፣ ወንበራቸውን አምጥተው መደቡ በሚሆንበት ቦታ ተቀመጡና በሩን በሌላ ጎን አዞሩት። “እየጋገርኩ ደጁን ማየት አለብኝ። ማን እንደመጣ፣ ጥጃው የት እንደገባ” አሉ። ጎረቤት ቡና ሲጠጣ የሚቀመጥበትም ቦታ እዚያው ይሁን አሉ። የኮምፒዩተሩ ፕላን ላይ ቡና የሚጠጣ ጎረቤት አልነበረም።

ሁለት ተቃውሞ

“ጭሱ እኮ ምስጥ ያባርራል፣ ትንኝም ያርቃል” ይሉናል። እውነት ነው፤ ሣር ቤት በጭስ ይጠነክራል። ግን ጣሪያችን ቆርቆሮ ከሆነ ሰነበተ። ለትንኝ አጎበር አለ። የእናታችንን ሳንባ የምስጥ መድኃኒት ማድረግ ግን ነውር ነው።

“ሴቶቹ ራሳቸው አልጠየቁም” ይሉናል። ይህኛው ይከብዳል። እማማ ዕድሜ ልካቸውን አልጠየቁም። የማይሰጠውን ማን ይጠይቃል? እኛም አልጠየቅናቸውም፤ ያዋጣነው ገንዘብ የእኛ ስለሆነ ውሳኔውም የእኛ መሰለን። ትልቁ ስህተታችን ከካቢኔቱ ይልቅ ይኸው ነው።

ጥያቄዋን ለእናንተም እንተዋት። ቤት የምታድሱ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሳችሁ፣ ለወላጅ ገንዘብ የምትልኩ፣ ከሳሎኑ በፊት ወደ ጓሮ ሂዱ። እዚያ ያለችውን ሴት፣ እናት ትሁን ሠራተኛ፣ የት መቆም እንደምትፈልግ ጠይቋት። ከዚያ በኋላ ነው ሜትር የሚዘረጋው።

የቧንቧው ቀለም? እማማ አንዱንም አልመረጡም። “ውሃ ይምጣበት እንጂ” ብለዋል።

ቸር እንሰንብት።