ለጨዋታ ሰርቨር ዶላር ማውጣት ለምን?

በሆሳዕና ገበያ ከደቡብ አፍሪካ የሚላከው ገንዘብ ያልነካው ዘርፍ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የቦታና የቤት ዋጋ፣ የሲሚንቶና የብረት ፍላጎት፣ የባጃጅ ግዢ፣ የሠርግ ድግስ ሳይቀር በጆሃንስበርግ ጄፒ ሠፈርና በየሎኬሽኑ ያሉት የሐበሻ ሱቆች ደሩ ወይስ ቀዘቀዙ ከሚለው ወሬ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ከሀዲያና ከከምባታ ወደዚያች አገር የሄደው ወጣት እጅግ ብዙ በመሆኑ በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ዘመድም ሆነ ጎረቤት ያልሸኘ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ገንዘብ ብዙ ተብሏል። ብዙም ያልተባለለት ግን ገንዘቡን ተከትሎ የመጣው አነስተኛ ፍላጎት ነው። የሁለቱ አገሮች የሰዓት ልዩነት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ታላቅ ወንድም ጆሃንስበርግ ሱቁን ሲዘጋ፣ ታናሹ ሆሳዕና ጥናቱን ሲጨርስ፣ አብሮ አደጋቸውም አዲስ አበባ ከሥራ ሲወጣ ምሽቱ ለሦስቱም ይገጥማል። በስልክ ሰላምታ መለዋወጥ ይቻላል፤ አብሮ ለመጫወት ግን የጋራ ሜዳ ያስፈልጋል። ያ ሜዳ ሰርቨር ይባላል። ለገበያ ሰው የሚነሳው ጥያቄም ቀላል ነው፦ ሜዳው የት ይቀመጥ? ወጪውስ በየትኛው ገንዘብ ይከፈል?

ሚዛን የያዘው ሰው

ሰርቨርን በገበያ ቀን ሚዛን ከያዘ ሰው ጋር ማመሳሰል ይቻላል። እያንዳንዱ ተጫዋች «እዚህ ቆሜያለሁ፣ ይህን ገንብቻለሁ፣ ያንን መትቻለሁ» እያለ ለሰርቨሩ ይናገራል። ሰርቨሩም አመዛዝኖ ትክክለኛውን ለሁሉም ያሳውቃል። ለዚህ ሥራ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ማይንክራፍት የተባለውን የግንባታ ጨዋታ ብንወስድ፣ የሰርቨሩን ፕሮግራም ኩባንያው ራሱ በነፃ ያድላል። ይህ የስዊድን ኩባንያ በ2014 እ.ኤ.አ. በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ለማይክሮሶፍት የተሸጠ ነው። ለአምስት ስድስት ጓደኛሞች ከ2 እስከ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለጀማሪ ይበቃል።

ሁለተኛው መንገድ ኪራይ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚገኙ ድርጅቶች ሰርቨሩን በወር ያከራያሉ፤ ክፍያውም በዶላር ወይም በዩሮ ነው። ተራው የብር ካርድ ለዚህ አይሠራም። በመሆኑም ሆሳዕና ያለው ወጣት ጆሃንስበርግ ወዳለው ወንድሙ ይደውላል፤ ወንድሙም በራሱ ካርድ ይከፍልለታል። ነገሩ የቤተሰብ ውለታ ስለሚመስል ማንም ሒሳብ ውስጥ አያስገባውም።

ይሁንና ሒሳብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፤ ከዚያም በኋላ መውጣቱን አላቆመም። ስለሆነም በዶላር የሚከፈል ማንኛውም ወርኃዊ ኪራይ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ወንድም የከፈለው ገንዘብ ደግሞ ለእናት ወይም ለትምህርት ቤት ክፍያ ሊላክ ይችል የነበረ ገንዘብ ነው።

የቤቱ ሒሳብ

በሌላ በኩል ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሰርቨር ወጪው በብር ነው። ሌሊትና ቀን የሚሠራ 20 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ በ30 ቀን 14.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 100 ዋት የሚወስድ አሮጌ ዴስክቶፕ ግን 72 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ልዩነቱ ተራ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ሲሆን የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይጨምራል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ስለዚህ ዴስክቶፑ ብቻውን ቤቱን ከመጀመሪያው እርከን ሲያስወጣ ላፕቶፑ ግን ላያስወጣ ይችላል። ማታ ማታ ብቻ ለአምስት ሰዓት የሚከፈት ከሆነ የላፕቶፑ ፍጆታ በወር 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

በዚህ ስሌት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ነገር ግን የቤት ሰርቨር ሦስት እንቅፋቶች አሉበት፤ እነሱን ሳይመረምር ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ይከስራል።

መብራት፣ አድራሻና ርቀት

የመጀመሪያው መብራት ነው። የጊቤ ሦስት ግድብ ከአካባቢው ብዙም ሳይርቅ 1 ሺህ 870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ቆሟል፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁንና ኃይል ማመንጨትና ኃይል ቤት ድረስ ሳይቆራረጥ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ላፕቶፕ የሚመረጠው በዚህም ምክንያት ነው፤ ባትሪው ያልሞተ ከሆነ መብራት ሲሄድ ራሱን ያቆያል። የሚረሳው የኢንተርኔቱ ራውተር ነው። ላፕቶፑ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ሜዳው ለውጭ ተጫዋች ዝግ ነው፤ አነስተኛ የራውተር ባትሪ ከላፕቶፑ እኩል ሊታሰብ ይገባዋል። ጆሃንስበርግ ያለው ወንድም ለዚህ ችግር እንግዳ አይደለም፤ እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ደቡብ አፍሪካ በፈረቃ መብራት ስትቸገር ቆይታለች።

ሁለተኛው አድራሻ ነው። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ኢንተርኔት ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ያስተናግዳል። ነገሩ አንድ ቀበሌ ሙሉ በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደሚጠቀም ነው፤ ደብዳቤ መላክ ይቻላል፤ ከውጭ የመጣው ደብዳቤ ግን የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ በስልክ ሆትስፖት ላይ የተቀመጠን ሰርቨር ከጆሃንስበርግ አንኳኩቶ ማግኘት አይቻልም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው የራሱ የውጭ አድራሻ ያለው መደበኛ የብሮድባንድ መስመር አስገብቶ በራውተሩ ላይ ለጨዋታው በር መክፈት ነው፤ የማይንክራፍት በር ቁጥሩ 25565 ነው። ሁለተኛው ቴይልስኬል ወይም ዚሮቲር የተባሉትን ፕሮግራሞች በየኮምፒዩተሩ ጭኖ ጓደኛሞቹን በአንድ የግል መስመር ማሰር ነው። ሁለቱም ለጥቂት ሰው በነፃ ያገለግላሉ። ይህኛው መንገድ በሩን ለዓለም ሁሉ ስለማይከፍት ከደኅንነት አንፃርም የተሻለ ነው።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከሆሳዕና እስከ ጆሃንስበርግ በአየር ወደ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ መልእክት ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 40 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። በተግባር ግን ከዚያ ብዙ ይበልጣል። ኢትዮጵያ ወደብ ስለሌላት ኢንተርኔቷ በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ውስጥ ኬብል ይወጣል፤ በአፍሪካ አገሮች መካከል የሚሄድ መልእክትም ብዙ ጊዜ በአውሮፓ ዞሮ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ነው የኪራይና የቤት ንጽጽር ግልጽ የሚሆነው። ሰርቨሩ ጀርመን ከሆነ የሆሳዕናውም የጆሃንስበርጉም ተጫዋች ሩቅ መንገድ ይሄዳሉ። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጓደኛሞች እንኳ እርስ በርስ ለመተያየት ጀርመን ደርሰው ይመለሳሉ። ሰርቨሩ ሆሳዕና ከሆነ ግን ሩቅ መንገድ የሚሄደው ውጭ ያለው ብቻ ነው። ብዙኃኑ ተጫዋቾች አገር ቤት ከሆኑ ሚዛኑ ወደ ቤት ያደላል።

እርግጥ ነው፣ ጨዋታ ሁሉ አንድ አይደለም። ማይንክራፍትን የመሰለ ተረጋግቶ የሚገነቡበት ጨዋታ መዘግየትን ይችላል። ካውንተር ስትራይክን የመሰለ የተኩስ ጨዋታ ግን አይችልም፤ ጆሃንስበርግ ያለው ሰው ሳያየው ይመታል፣ ቅሬታም ይነሳል። ስለዚህ የተኩስ ጨዋታ በአንድ ከተማ ወይም በአንድ ቤት ውስጥ፣ የግንባታ ጨዋታ ደግሞ ከዘመድ ጋር በሩቅ ቢሆን ይመረጣል። ይህን ሳይለዩ ሁሉንም በአንድ ሰርቨር ላይ ማዋል ጤፍና በቆሎን በአንድ ወንፊት እንደ መንፋት ነው።

ገበያው የቱ ላይ ነው?

ከላይ ከተዘረዘረው የሚታየው በዚህ ንግድ የሚሸጠው ጨዋታው አለመሆኑን ነው። የሚሸጠው ያልተቋረጠ መብራት፣ የሚገኝ አድራሻና የሚጠብቀው ሰው ነው። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ማቅረብ የሚችለው ደግሞ ግለሰቡ ተማሪ ሳይሆን የጌም ቤት ባለቤቱ ነው።

የጌም ቤት ባለቤት ለፕሌይስቴሽኑ ብሎ መብራትና ክፍል አስቀድሞ ይከፍላል። በዚያ ላይ አንድ ላፕቶፕና አንድ መደበኛ መስመር ቢጨምር ጓደኛሞች ሰርቨራቸውን እሱ ዘንድ ማስቀመጥ ይችላሉ። ክፍያውም በብር፣ በቴሌብር ይሰበሰባል። ይህ ቢበዛበት በቤቱ ውስጥ ብቻ በኬብል የተያያዘ ውድድር ማካሄድ ይችላል፤ ለዚያ ደግሞ ኢንተርኔት ጨርሶ አያስፈልግም። ሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል በተዘጋ ጊዜ ውጭ አገር የተቀመጠ ሰርቨር ሁሉ ለኢትዮጵያ ተጫዋች ዋጋ አልነበረውም። ቤት ውስጥ በኬብል የታሰረ ግን ይሠራ ነበር።

ለጀማሪዎች ደግሞ እቁብ አለ። አምስት ጓደኛሞች በየወሩ እያዋጡ የመጀመሪያውን ዕጣ ለላፕቶፑ፣ ሁለተኛውን ለራውተሩ ባትሪ ቢያውሉት ማንም ብቻውን አይጎዳም። እናቶቻቸው ለመስቀል ቅቤ የሚያጠራቅሙበት ዊጆ ከዚህ የተለየ አሠራር የለውም።

ትርፍ አሳዳጁ ግን አንድ ነገር ሊያውቅ ይገባል። የማይንክራፍት ባለቤቶች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሰርቨር መግቢያ ማስከፈልን ቢፈቅዱም በጨዋታው ውስጥ አንዱን ከሌላው የሚያበልጥ ኃይል በገንዘብ መሸጥን ከልክለዋል። ያልተገዛ ኮፒ እየጫነ ገንዘብ የሚሰበስብም ንግዱን በአሸዋ ላይ እየሠራ ነው። ደግሞም የገቢው መጠን ሊጋነን አይገባም፤ ፎቅ የሚያሠራ ሳይሆን የጌም ቤቱን ኪራይ የሚደግፍ ሥራ ነው።

የወላጆች ጥያቄ

«ልጁ በጨዋታ ጠፋ» የሚለው የወላጆች ቅሬታ ሊናቅ አይገባውም። ሆኖም መጫወትና ማስተናገድ አንድ አይደሉም። ሰርቨር የሚያስተናግድ ወጣት ሊኑክስ መጫን፣ አድራሻ ማስተካከል፣ የተፈቀደላቸውን ብቻ የሚያስገባ ዝርዝር ማዘጋጀት፣ በየቀኑ ቅጂ ማስቀረት ይማራል። ቅጂ ሳያስቀር መብራት ሄዶበት የጓደኞቹን የወራት ግንባታ ያጠፋ ልጅ ትምህርቱን በቶሎ አይረሳም። ባንክም ሆነ ሆስፒታል ደመወዝ የሚከፍለው ለዚሁ ሙያ ነው። ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ለማሠልጠን እየሠራ ነው፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ሆሳዕና ነው። የጎደለው የሠርተፊኬት ብዛት ሳይሆን ሌሊት ሲበላሽ ተነስቶ የሚጠግነው የራሱ የሆነ ማሽን ነው።

ይህ ሙያ ስደትን ያስቀራል ማለት አይደለም። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ሙዚምባ ወረዳ ከ25 የሚበልጡ፣ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ናቸው ተብሎ የታመነ አስከሬኖች ተቀብረው ሲገኙ የደቡቡ መንገድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በድጋሚ ታይቷል። ለዚያ መንገድ ለደላላ ከሚቆጠረው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ያገለገለ ላፕቶፕ ዋጋው ትንሽ ነው። ትንሹን ሞክሮ ማየት ግን ቢያንስ ሕይወት አያስከፍልም።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ሁሉ የየድርሻቸውን ቢያደርጉ ገበያው ይከፈታል። የቴሌኮም ኩባንያዎች የውጭ አድራሻን ለድርጅት ብቻ የሚሆን ቅንጦት አድርገው ከማየት ይልቅ ለቤት ደንበኛ በሚመጥን ዋጋ ያቅርቡ። በሆሳዕናና በዱራሜ ጄኔሬተር ያለው ፎቅ የሠሩ ባለሀብቶች ከሱቁና ከሆቴሉ ጎን አንድ መደርደሪያ ለማሽን ማከራየትን ያስቡበት። ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚያመጡ ነጋዴዎች ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የተሻለ ገዢ እንዳለው ይወቁ።

እስከዚያው ግን ብዙ ጓደኞቹ አገር ቤት ሆነው ሳለ ለሰርቨር ብሎ በየወሩ ከጆሃንስበርግ ዶላር የሚያስከፍል ወጣት፣ ጓሮው እንሰት ሞልቶ ሳለ ቆጮ ከገበያ ከሚሸምት አባወራ አይለይም።